በሹራቡ አንገት ላይ የተሰፋው ስም

አቶ ገብረመስቀል በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ የፈረሙት ወረቀት ቢነጠፍ ከካዛንቺስ መስቀል አደባባይ ይደርሳል እያሉ የሚቀልዱባቸው የድሮ ባልደረቦች ነበሩ። እውነትም ፊርማ አይሰስቱም። ለዕድር ደብዳቤ፣ ለጎረቤት ምስክርነት፣ ለማያውቁት ሰው ማመልከቻ፣ «እስቲ ጋሽ ገብሬ ይፈርሙልን» ከተባሉ ብዕራቸው ከደረት ኪሳቸው ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም ነበር። እንግዲህ እኚሁ ሰው ናቸው በሰማንያ አንድ ዓመታቸው የገዛ ልጃቸው ያቀረበችላቸውን አንድ ገጽ ወረቀት አልፈርምም ብለው ግድግዳ ግድግዳውን ማየት የጀመሩት።

«አባዬ፣ እዚች ጋ ብቻ ናት» አለች ፍሬሰላም፣ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አድርጋ።

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ትቆይ።»

ወረቀቱ የሚከብድ ነገር አልነበረበትም። ገብረመስቀል የሚለው ስም በሹራብ ላይ የንግድ ምልክት ሆኖ በልጃቸው እንዲመዘገብ የስሙ ባለቤት ተስማምተዋል የሚል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ሁለት ጊዜ ይፈርም ነበር።

ፍሬሰላም አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የተማሪ ሹራብ ትሠራለች፤ ሰማያዊ፣ ቦርዶ፣ አረንጓዴ፣ ትምህርት ቤቱ እንዳዘዘው። ሙያው ከእናቷ ከየሻረግ የመጣ ነው። የሻረግ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ማሽኖቿ ግን አንድ ቀን ሥራ ፈተው አያውቁም። ካዛንቺስ በነበሩበት ጊዜ ደንበኛ ለማግኘት ብዙም አይለፉም ነበር። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር» ካሉት ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ሰፈሩ ለመንገድና ለሕንፃ ተነሣ ተባለና ዳቦ ቤቱም በሩም ሄዱ። እነሱ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ ምድር ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ይሠራሉ። ሰፈር ያለቀበት ሰው የሚቀረው ስሙ ነው፤ ለእነሱም የቀረላቸው በሹራቡ አንገት ላይ የሚሰፉት ማርካ፣ «ገብረመስቀል» የሚለው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር።

እሱንም ሌላ ሰው ወሰደው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንዲት እናት ሱቁ ድረስ መጥታ ሹራብ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «የልጄን ሸሚዝ በሙሉ ሰማያዊ አደረገው እኮ! እኔ ስማችሁን አምኜ አይደል እንዴ የገዛሁት?» አለች። ፍሬሰላም አንገቱን ገልበጥ አድርጋ አየች። ማርካው የእነሱ፣ ፊደሉ የእነሱ፣ ስፌቱ ግን የእነሱ አይደለም። ማን እንደሆነ ባይታወቅም አንድ ነጋዴ ስማቸውን አሳትሞ ቀለም የሚለቅ ሹራብ እየቸበቸበበት ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ እያለች የመጣች እናት ብዙ ናት። ሁለት ትምህርት ቤቶችም ትእዛዛቸውን ተዉ።

ፍሬሰላም የንግድ ምልክት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው። ያስተናገደቻት ሲምረት የምትባል ፈጣን ወጣት ነበረች።

«እንዴ፣ ይሄ እኮ የሰው ስም ነው» አለች ሲምረት ማመልከቻውን ገና እንዳየች። «አጎቴ ራሱ ገብረመስቀል ነው። ማለቴ፣ የሰው ስም ጭራሽ አይመዘገብም ማለቴ አይደለም። ግን የብዙ ሰው ስም ስለሆነ፣ ሕዝቡ ሲሰማው ሹራባችሁን እንደሚያስብ በማስረጃ ማሳየት አለብዎት። ደግሞ የስሙ ባለቤት በሕይወት ካሉ እሳቸው መስማማት አለባቸው። በቃ፣ ፊርማ ነው።»

«አባቴ ናቸው። ፊርማ ለእሳቸው ቀላል ነው።»

«እሺ፣ እዚህ ጋ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይሙሉ።»

ፍሬሰላም ብዕሩን ይዛ ቆመች። «የቤተሰብ ስም የለንም» አለች። «አባቴ ገብረመስቀል ናቸው። እኔ ፍሬሰላም ገብረመስቀል ነኝ። ልጄ ደግሞ ዮርዲ ታዲዎስ ናት፣ በአባቷ። የቤተሰብ የሚባለው የትኛው ነው?»

ሲምረት ሳቀች። «ሁሉም እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የአባትዎን ይጻፉበት፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ፊርማውን ይዘው ይምጡ።»

ሲምረት በዚያው ረሳችው፤ ፍሬሰላም ግን ያቺን ባዶ ሳጥን በልቧ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። አባቷ ፊት የተቀመጠችውም በዚያ ስሜት ነው።

«ዮርዲ ላይ ስምህ የለም» አለቻቸው፣ ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ። «የዮርዲ ልጆች ላይማ ጭራሽ። እኔ ሳልፍ አብሮኝ ያልፋል። ማርካው ላይ ግን ይቀራል አባዬ። ደግሞ እማዬ ራሷ ያወጣችው ስም አይደል? በላቧ ሠርታ በባሏ ስም ያስጠራች ሴት ናት። እኔ ለዮርዲ ስነግራት ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። ይሄን ስም ሌባ ይጫወትበት?»

አቶ ገብረመስቀል አንገታቸውን ደፉ። እጃቸውን ያሰረው ይኸው የተባለው ነገር ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሻረግ የመጀመሪያውን የሹራብ ማሽን የገዛችው አገር ለቃ ከምትሄድ አንዲት ግሪካዊት ነው። አሠራሩን የተማረችው ብቻዋን፣ ክር እየበጠሰችና እያለቀሰች ነው። ገብረመስቀል ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱ የተጠናቀቀውን በካርቶን አድርገው በአውቶቡስ ወደየትምህርት ቤቱ ያደርሳሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ንግድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሲሆን የሻረግ ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቢሮ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ሄደህ አውጣልኝ። ስሙን የሻረግ ሹራብ በልልኝ» አለቻቸው። አፍራ ፈገግ ማለቷን አይተዋል። ስሟን የሆነ ቦታ ላይ ተጽፎ ለማየት መፈለጓን የተናገረችው በዕድሜዋ ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው የተሰለፈ የሚያውቁት ሰው ቅጹን በትከሻቸው በኩል አየና ሳቀ። «በሚስትህ ስም? አንተ ታዲያ ምን ልትባል ነው፣ የየሻረግ ባል?» አላቸው። ሰልፉም ሳቀ። የሰው ስም ሲመዘግቡ የኖሩት ገብረመስቀል፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው፣ የሻረግ የሚለውን ሰርዘው ገብረመስቀል ብለው ጻፉ። በቃ፣ ያለቀው በአንድ ሰረዝ ነው።

ቤት ሲገቡ፣ «የቤተሰብ ኃላፊ ስም ካልሆነ አይሆንም አሉኝ» አሉ። የሻረግ «ካሉማ ይሁን» ብላ ወደ ማሽኗ ዞረች። እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እንግዳ በተሰበሰበበት አንዱ ስለ ስሙ ሲጠይቅ፣ አፋቸው ቀድሞ «ራሷ ናት ያወጣችልኝ፣ ከፍቅሯ ብዛት» አለ። እንግዳው ሁሉ ለየሻረግ አጨበጨበላት። እሷ ሳህን እያነሳች ነበር፤ አንስታ ወጣች። ፍሬሰላም ሰማች፤ የኖረችውም ያንን ይዛ ነው። አንድ ጊዜ የተነገረ ውሸት ሲጨበጨብለት መመለሻው ይጠፋል፣ የእሳቸውም ጠፋ።

ለዚህ ነው ብዕሩ ያልተነሣው። ቢፈርሙ ያኔ የሰረዙትን ስም ለዘላለም መሰረዛቸው ነው። ባይፈርሙ ልጃቸው ደንበኛዋን፣ ምናልባትም ሱቋን ታጣለች። እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ እናቷን እያሰበች የምትጽናናበትን ያን አንድ ታሪክ ከእጇ ይነጥቋታል፤ እሳቸውንም ከእንግዲህ በምን ዓይን እንደምታያቸው አንድዬ ይወቅ። ፍሬሰላም የእርጅና ግትርነት ነው ብላ ታግሳ ጠበቀች። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ሦስት አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት አቶ ገብረመስቀል ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ለማንም ሳይናገሩ ታክሲ ይዘው ወደ ካዛንቺስ ሄዱ። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ሣር ተተክሎበታል፣ አግዳሚ ወንበርም አለ። እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መኝታ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር ለመለካት ሞከሩና አልሆነላቸውም። ሲነሱ ካልፈረሰው ረድፍ በኩል አንድ ድምፅ ጠራቸው።

«ጋሽ ገብሬ! ኧረ በአላህ! ምን እግር ጣለዎት?»

አዚዛ ናት፤ ለየሻረግ ሃያ ምናምን ዓመት ክር የሸጠች ሴት። ሱቋ ቀርታላታለች። ወንበር አወጣችላቸው፣ ለስላሳ ከፈተችላቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ፍሬሰላም፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ጠየቀቻቸው። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ ልፈልጋችሁ ነበር፣ የትስ ብዬ?» አለች። «የልጅ ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለች። የየሻረግ ሹራብ ካልሆነ አላለብሳትም።»

«የገብረመስቀል ሹራብ ማለትሽ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱማ ቦርዱ ላይ ነበር» አለች አዚዛ እየሳቀች። «አይቀየሙኝና ጋሽ ገብሬ፣ እኛ ሴቶቹ አንድም ቀን በእርስዎ ስም ጠርተነው አናውቅም። የየሻረግን ገዛሽ? የየሻረግ ደርሶልሻል? ነበር የምንባባለው። ስንት እናት ነን እንደዛ የምንል! እሷ ናት እንጂ የምትቆጣን። ዝም በሉ፣ ባሌ ይሰማና ይከፋዋል ትል ነበር።»

አቶ ገብረመስቀል ለስላሳውን አስቀመጡት። ይከፋዋል! እሷን አስከፍተው፣ ዋሽተው፣ በላቧ ላይ ስማቸውን ለጥፈው፣ እሷ ደግሞ እሳቸው እንዳይከፋቸው ጎረቤቷን ዝም ታሰኝ ኖሯል። እንባቸው መጣ፤ ሰማንያ አንድ ዓመት የያዘውን ፊታቸውን በባርኔጣቸው ከለሉት። አዚዛ የናፍቆት መስሏት አብራቸው አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲደርሱ ፍሬሰላም የእጅጌ ላስቲክ እየሠራች ነበር። አልተቀመጡም። እንደ ተከሳሽ ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ የየሻረግን ልመና፣ ሰልፉን፣ ሳቁን፣ ሰረዙን፣ የሌለውን ሕግ፣ ጭብጨባውን፣ አዚዛ ያለቻቸውንም። ለራሳቸው ምንም አላስቀሩም። ማሽኑ መሀል ላይ ቆመ።

«ጠይቃህ ነበር?» አለች ፍሬሰላም።

«ጠይቃኝ ነበር።»

«በስሜ አድርግልኝ ብላ?»

«አዎ ልጄ።»

«እኔ ለዮርዲ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። «አሁን ወደ ላይ ውጣ። እባክህ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ሦስት ቀን ምሳቸውን አቀረበችላቸው፣ የደም ግፊት ክኒናቸውን ቆጥራ ሰጠቻቸው፣ ከዚያ ውጭ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አቶ ገብረመስቀልም ይቅርታ አላበዙም። ይቅርታ ማብዛት «አይዞህ በይኝ» ብሎ ማስገደድ መሆኑን በዚህ ዕድሜያቸው ያውቃሉ። ሠላሳው ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፍሬሰላም መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ፣ ስሙን ብቀይር ደንበኛ ይጠፋብኛል። እነ አዚዛ ስንት ናቸው? አዲሱ ሰው የሚያውቀው ገብረመስቀልን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያ ሰውዬም በስምህ መሸጡን አይተውም። እኔ ካልያዝኩት ማን ይከለክለዋል? ስምህ ቀለም በሚለቅ ሹራብ ላይ ይቀራል።»

«ይቅር» አሉ። «አንቺ ግን በእኔ ምክንያት አትጎጂ። ካልሽ እፈርምልሻለሁ። አሁኑኑ። ያለሽውን አደርጋለሁ፤ የማላደርገው እንደገና ስለ እሷ መወሰን ብቻ ነው።»

ፍሬሰላም ጎንበስ አለች። ወለሉ ላይ የወደቀ ክር አንስታ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «ትናንት አንድ ማርካ ልሰፋ ይዤ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚህ በኋላ አልችልም አባዬ። ብከስርም ልክሰር። ልበስና መጀመሪያ ወደ አዚዛ እንሂድ።»

በማግስቱ ሲምረት ማመልከቻው መቀየሩን ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ፍሬሰላም በአንድ ቀን ያሰባሰበችውን ዘርግታላት ነበር፤ አዚዛና ስድስት የካዛንቺስ እናቶች ሹራቡን የየሻረግ እያሉ ሲገዙ መኖራቸውን ጽፈው ፈርመዋል። አንዷማ ፊርማዋ አልበቃ ብሏት «ልጆቼ ሁሉ በዚህ ሹራብ ነው ያደጉት» ብላ ጨምራበታለች።

«ይሄኛው ስም እንኳን ብዙም አያጋጥመኝም፣ ይሻላል» አለች ሲምረት። «የስሙ ባለቤት ካረፉ ደግሞ የወራሾች ስምምነት ነው የሚያስፈልገው። አባባ፣ እርስዎ ይሞላሉ ወይስ እኔ ልሙላልዎ?»

«እኔ እሞላለሁ።»

ብዕራቸውን አወጡ። የሟች ሙሉ ስም ከሚለው ፊት የሻረግ ወልደጊዮርጊስ ብለው፣ በመዝገብ ቤት እንኳ ጽፈውበት በማያውቁት ጥንቃቄ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያሳረፉ ጻፉ። ከኋላቸው የተሰለፈ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ገብረመስቀል ዘወር ብለው አዩት፤ «የሚስቴን ስም እየጻፍኩ ነው፣ ጠብቅ» አሉት። ሰውየው አፍሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከሟች ጋር ያለዎት ግንኙነት በሚለው ላይ ደግሞ «ባሏና ሹራብ አድራሽዋ» ብለው ሞሉ።

ሲምረት አነበበችና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «አባባ፣ ባል የሚለው ብቻ ይበቃ ነበር እኮ።»

«ሁለተኛውን ነው በደንብ የሠራሁት» አሉ።

ሲምረት ይመዘገባል ብላ ቃል አልገባችም። ይመረመራል፣ ለሕዝብ ይገለጻል፣ የሚቃወም ካለ ይሰማል፤ ወራት ይፈጃል። ማመልከቻው መግባቱን የሚገልጽ ወረቀት አትማ፣ ማኅተም መትታ ሰጠቻቸው። ፍሬሰላም ተቀብላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ከዚያ የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረገቻቸው።

«እየው አባዬ።»

የንግድ ምልክት፦ የሻረግ፣ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ አመልካች፣ ፍሬሰላም ገብረመስቀል።

«ከኔ ኋላ አለህ» አለች።

አቶ ገብረመስቀል መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። ስማቸው የሚስታቸው ስም ካለበት ወረቀት ላይ፣ ማንም ሳይሰረዝለት፣ ልጃቸው ስትወለድ ባገኙት ቦታ ላይ ተቀምጧል። እንዲያ ተጽፎ ሲያዩት አላፈሩበትም። ክንዷን ይዘው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።